ሲስተም የማን ልጅ ነው?

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ራሴን ለማሞገስ እንዳልሆነ ትንሽ ስታነቡ ይገባችኋል። ሰው ስለ ፍርሃት ሲያወራ ጅብ ያነሳል፣ ሽፍታ ያነሳል፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ መኪና ያነሳል። እኔ በዕድሜዬ ቆሌዬ የተገፈፈው በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንዲት ጥቁር ሳጥን ፊት ለፊት ነው። ሳጥኗ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትል ነበር። ከዚያ ዝም ትላለች። ከዚያ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ።

ያኔ ሰመራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ለሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ሙቀቱንም ሰዉንም ለመድኩና ቀረሁ። በአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ቢሮ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ክፍል ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ፣ ሃስና እና ያሲን ነን። ሃስና የአፋምቦ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከብትና ፍየል አርቢዎች ናቸው፣ እሷ ተምራ ፕሮግራም ጻፊ ሆነች። ያሲን ከወሎ የመጣ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ በደመወዙ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል።

ሥራችን አንድ ፕሮግራም ነበር። አዋሽ ከተማ አጠገብ ወንዙ ውስጥ የተተከለ መለኪያ የውሃውን ከፍታ ይልክልናል። ውሃው ቀዩን መስመር ካለፈ ፕሮግራሙ የእኛን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ታች አፋምቦ ዙሪያ ላሉ አርብቶ አደሮች ስልክ ይደውላል። ጎርፉ ከላይ ተነስቶ ታች እስኪደርስ ሦስት ቀን ገደማ ይወስዳል። በሦስት ቀን ውስጥ ሰውም ከብትም ከረግረጉ ወጥቶ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በአንድ ቀን ግን ሰው ራሱን ካወጣ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስለ ራሴ። እኔ ሁሉ ነገር አንድ ቦታ እንዲሆን የምፈልግ ሰው ነበርኩ። የምንጽፈው ኮድ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው ታሪክ በሙሉ፣ ቢሯችን ባለችው አንዲት ሰርቨር ላይ ብቻ ይቀመጣል። ሃስናና ያሲን ጠዋት የመጨረሻውን ቅጂ ከሰርቨሩ ይወስዳሉ፣ የሚነኩትን ፋይል ይቆልፋሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። እጃቸው ላይ የሚቀረው የዛሬው ብቻ ነው፤ የትናንቱና የአምናው ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ነው። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ።

ዝም ብዬ ግትር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ በሠራሁበት ቦታ ሁለት ፕሮግራመሮች የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው ሲሠሩ ተደበላልቆ፣ የተሳሳተው ለደንበኛ ሄዶ፣ ጣጣው እኔ ላይ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅጂ የሚል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሃስና አንድ ቀን ይህን ጉዳይ አነሳች።

«ኢንጂነር፣ ሁላችንም ሙሉ ታሪኩን በየላፕቶፓችን ብንይዝስ? እንደዚያ የሚሠራ መሣሪያ አለ። እያንዳንዳችን ሙሉውን እንይዛለን፣ ስንገናኝ ለውጣችንን እናዋህዳለን።»

«ሦስት ሰው ሦስት ታሪክ ይዞ ከዞረ እውነተኛው የቱ ነው?»

«ሦስቱም።»

«ሦስቱም እውነት የሚሆንበት አገር የለም።»

«አለ እንጂ» አለች ሳቅ ብላ። «እዚሁ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ኖረው ዳጉን አያውቁም?»

ዳጉን አውቀው ነበር፤ ማለቴ ወሬውን ሰምቻለሁ። በአፋር ዘንድ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተሰጣጥተው አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ወይ ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ። በዓይንህ ያየኸው ነው? ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? ተብሎ ይመረመራል። ሲለያዩ ሁለቱም ሙሉውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ይህን ለቱሪስት የሚነገር ደስ የሚል ባህል አድርጌ ነበር የማየው። ስለዚህ ሳቅሁባት።

ከመሳቅም አልፌ ትእዛዝ አወጣሁ። ሙሉ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ይዞ የተገኘ ሰው ሥራውን ለቆ ይሄዳል አልኩ። ያኔ አራተኛ ባልደረባ ነበረን፤ ቅጂውን በፍላሽ ይዞ ቤቱ ሲሠራ ደረስኩበትና በሳምንቱ አሰናበትኩት። ዕቃውን ሲሰበስብ ሃስና በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ ያሲን ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ሥርዓት አስከበርኩ ብዬ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ነገሩ የተጀመረው እሁድ ነው። ቢሮው ባዶ ነበር፤ ብቻዬን ሆኜ ኮዱን ማጽዳት አማረኝ። ሃስና የጻፈችው «ዳጉ» የሚል ፋይል አለ። ውስጡ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ ጎን የሰው ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ የጎሳ፣ የትኛው ጉድጓድ ወይም የትኛው ገበያ እንደሚውል ተጽፏል። ደግሞ ጥሪው ሲጀመር መጀመሪያ ውሃውን ያየው ሰው በራሱ ድምፅ ስሙን እንዲናገር የሚያደርግ ነገር አለበት። ይህ ሁሉ ዝባዝንኬ ለምን? አልኩ። ስምና ቁጥር ብቻ ያለው ንጹሕ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ አሮጌውን ፋይል ሰረዝኩ፣ ሠንጠረዡን ነገ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ያንኑ ጥሪውን በሚያደርገው ሌላ ማሽን፣ ደዋዩ ላይ ጭኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ስብሰባ ነበረብኝ። ረሳሁት።

ሃስና ማክሰኞ በቢሮው መኪና አዋሽ ሄደች፤ መለኪያው ላይ የተጠመጠመውን ቆሻሻ ለማጽዳት። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ከጀርባዋ የከባድ መኪና ጩኸት ይሰማል።

«ኢንጂነር፣ ወንዙ አብዷል። ወላሂ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ውሃው ከቀዩ መስመር በጣም በላይ ነው። የመለኪያው ጠባቂ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው ያለፈው አለኝ። እናቴን ስሞክር አትሠራም፣ ግጦሹ ጋ ኔትወርክ የለም። ግን ተደውሏል አይደል?»

ስክሪኑን አየሁ። ሰኞም ማክሰኞም ቀለሙን ብቻ አይቼ እንዳለፍኩት አረንጓዴ ነው፤ «ጥሪ ተጠናቅቋል» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር አለች። እስከዚያ ቀን አንብቤያት አላውቅም። «ከ0 ሰው ለ0 ተደውሏል።»

 ባዶ ሠንጠረዥ ነው የጫንኩት። ፕሮግራሙ የሚደውልለት ሰው ፈልጎ ሲያጣ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ አረንጓዴ አበራ። ውሃው ከተነሳ ሁለት ቀን ሊሞላው ነው። ነገ ጠዋት አፋምቦ ይደርሳል። እዚያ አንድም ሰው አልሰማም።

«ኢንጂነር? ተደውሏል አይደል?»

«እየተደወለ ነው» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «አትስጊ።»

«አልሃምዱሊላህ! እንግዲያው ወርጄ መለኪያውን ላጥብቀው፣ ውሃው ሊወስደው ነው። ታች ኔትወርክ የለም። ስወጣ እደውላለሁ።»

ለምን ዋሸሁ? እስካሁን እጠይቃለሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነው። የቅዳሜውን ቅጂ ከሰርቨሩ አውጥቼ፣ ፋይሏን መልሼ፣ ጥሪውን አስነስቼ፣ ውሸቴን ማንም ሳያውቅ እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ነው። የሰርቨሩን ክፍል ከፍቼ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ማቀዝቀዣው አልተነሳም። ሰርቨሯም እንዲሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረህም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረኝ። እዚያችው ሳጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው ዲስክ ላይ። ሁለቱም አብረው ሄደዋል። ሃስና ዓመት ሙሉ በእግሯ ዞራ ቁጥሮቹን የመዘገበችበት ወረቀትስ? ሁለት ቦታ አይቀመጥም ብዬ ራሴ ነበርኩ ያስወገድኩት። እኔና ያሲን ላፕቶፕ ላይ ያለው የሥራ ቅጂ ደግሞ ሰኞ ጠዋት የወሰድነው፣ እኔ ያጸዳሁት ነው።

ሳጥኗን ፈታሁ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩ። ላቡ ከግንባሬ እየወረደ ዊንጮቹ ላይ ይንጠባጠባል፤ አንዱን ዊንጭ ሦስት ጊዜ ጣልኩት። ያሲን በሩ ላይ ቆሟል፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎታል።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ...»

«ዝም በል! አሁን ምክር የምሰማበት ሰዓት ነው?»

ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

አራት ሰዓት ሲሆን ዲስኩ እንደማይነሳ ልቤ አውቆታል፤ እጄ ግን መፍታትና መግጠም አልተወም። የአፋምቦ ወረዳን የአደጋ መከላከል ባለሙያ ስልክ ሞከርኩ፤ ሜዳ ወጥቶ ነው መሰለኝ አይሠራም። የቢሮው መኪና አዋሽ ነው። በመጨረሻ የሃስናን የሥራ ማኅደር ከመሳቢያ አወጣሁ። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው የሚል ቦታ ላይ የአጎቷ የሁመድ ቁጥር አለ። ደወልኩ። ሲነሳ የደስታ እንባ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ከሰመራ ነው፣ የሃስና አለቃ ነኝ! ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ነገ ጠዋት ይደርሳል፣ ሰውና ከብቱ በሙሉ ከረግረጉ ይውጣ!»

«ሰላም ነህ?» አሉ ቀስ ብለው። «ቤተሰብ ሰላም ነው? ሰመራ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው። ጎርፉ ግን...»

«ውሃውን በዓይንህ አየኸው?»

«እኔ አላየሁም። ሲስተሙ ነው ያሳየው።»

«ማን?»

«ሲስተሙ።»

«ሲስተም የማን ልጅ ነው?»

ሰውየው እየቀለዱ አልነበረም። እንደዚያ ቀን ከልቡ የጠየቀኝ ሰው አላውቅም። ምስክሩ ማን እንደሆነ፣ አባቱ ማን እንደሆነ፣ ቃሉ ምን ያህል እንደሚመዝን ሊያውቁ ነው የፈለጉት።

«የማንም ልጅ አይደለም፣ ማሽን ነው። ሃስናም አይታዋለች፤ አዋሽ ናት።»

«ሃስና ካየች ለምን እሷ አልደወለችልኝም?»

 ምን ልበል? እኔ ተደውሏል ብዬ ስለዋሸኋት ነው ልበል? ልለው ይገባ ነበር። አላልኩም። 

«ስማኝ ልጄ» አሉ ሁመድ። «አምና አንድ ሰው መጥቶ ተነሱ አለን። ማን አየ ስንል አያውቅም። ተነሳን። ውሃው አልመጣም፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ጥጆቻችን አለቁ። አንተ የነገርከኝን ሰምቻለሁ፤ ግን መነሻ የሌለው ቃል ለሌላ ሰው አላሳልፍም። ሃስና ትደውልልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ስደውል ከኔትወርክ ውጭ ሆነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ገና አልወጣልኝም። የሃስናን እናት ፋጡማን አውቃቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ቢሮ ድረስ መጥተው የፍየል ወተት አምጥተውልናል፤ ኮምፒውተሩን በጣታቸው ነክተው «ይሄ ነው የሚጠራን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ አዎ ብያለሁ። አሁን ረግረጉ መሃል ፍየሎቻቸውን ሲጠብቁ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተኝተው ሲያድሩ፣ ውሃው በሣሩ መካከል እየተሳበ ሲመጣባቸው ይታየኛል። ለሃስና በየደቂቃው እደውላለሁ፤ አይሠራም። ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ውጭ ባጃጆቹ ይመላለሳሉ፣ ነፋሱ አቧራውን ያንሳፍፋል፣ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«ኢንጂነር!» ሃስና ታለቅሳለች። «አንድ የሰፈራችንን ሰው በስልክ አገኘሁት፣ ምንም አልሰማም! ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሰው ነው እኮ! አጎቴም አይሠራም! ምንድን ነው የሆነው?»

ሌላ የምዋሸው ውሸት ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ፈለግሁ። አጣሁ።

«አልተደወለም ሃስና። ጠዋት ዋሸሁሽ። ዳጉ የሚለውን ፋይልሽን እሁድ እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ሰርቨሩ ሞቷል። መጠባበቂያውም ሞቷል። ምንም የለንም።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና እየጮኸ አለፈ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ያሲን አጠገብዎ የለም?»

«አለ።»

«ሙሉው እሱ ላፕቶፕ ላይ አለ እኮ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ በሙሉ። በየሳምንቱ ሰኞ እኔ ነኝ የምሰጠው። አልነገረዎትም?»

ዞርኩ። ያሲን እዚያው በሩ ላይ ነው። ቦርሳውን እንዳቀፈ ነው። 

«ልነግርዎ ነበር» አለ። «ዲስኩን ያነሱታል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ደግሞ... ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ኢንጂነር፣ ቤቴ በእኔ ነው የሚያድረው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል። ላፕቶፑ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በአንድ የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እስከዚያ የፈራሁት ጎርፉን ነው። ያን ጊዜ ግን ራሴን ፈራሁ። ሰው ሊሞት ሲል እንኳ ሊነገረኝ የማይቻል ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው።

«አውጣው» አልኩት። «ያሲን፣ ወንድሜ፣ አውጣው።»

አውጥቶ ከፈተው። ታሪኩ በሙሉ ከላይ እስከ ታች ተዘረዘረ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን። ከሁሉ በላይ የእኔ የእሁዱ ለውጥ አለ፤ ራሴ የሰጠሁት ስም «ጽዳት» ነው። ሃስናና ያሲን እሱንም ሳይቀር ይዘውታል። ያሲን ከእሱ በፊት ወዳለው ተመለሰ። ፋይሏ እንደነበረች ተገኘች። ስልሳ አንድ ሰው። ደዋዩ ማሽን ላይ ለመጫን ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

የሃስናን ድምፅ ከአዋሽ በስልክ ቀዳን። በአፋርኛ ነው የተናገረችው፤ ያሲን ባይገባውም እኔ ግማሹ ይገባኛል። ስሟን፣ አባቷን፣ አያቷን፣ ጎሳዋን ተናገረች። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት አዋሽ ወንዝ ዳር ቆሜ በዓይኔ አየሁ አለች። መስመሩን ሰኞ እኩለ ቀን እንዳለፈ ከጠባቂው ሰማሁ አለች፤ የጠባቂውንም አባት ስም ጠራች። እኔ ዝባዝንኬ ያልኩት ይህንን ነው።

ጥሪው ጀመረ። አርባ አራት ሰው አነሳ። የአሥራ ሰባቱ ስልክ አልሠራም። ሁመድ ስልካቸው ካልሠራው አንዱ ናቸው፤ የፋጡማ ግጦሽ ደግሞ ከእሳቸው ሰፈር አልፎ፣ ኔትወርክ በሌለበት ነው።

«አሥራ ሰባቱስ?» አለ ያሲን።

«የደረሳቸው ያደርሱላቸዋል» አለች ሃስና። «አሁን ከእኛ እጅ ወጥቷል። እኔ መንገድ ጀምሬያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሁሉን አንድ ቦታ ሆኜ ካላየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰውዬ፣ ማን ለማን እንደነገረ፣ ቃሉ የት እንደደረሰ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ቃሉ በየጉድጓዱና በየመንገዱ በእግር እየሄደ ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።

ሃስና ማታ ገባች። አላናገረችኝም። ሐሙስ ማለዳ ሦስታችንም ከሹፌሩ ጋር በመኪናው ወረድን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አንድ ከፍታ ላይ ቆምን። ሣሩ የለም። ትናንት ግጦሽ የነበረው ሁሉ ቡናማ ውሃ ነው፣ ዘንባባዎቹ አንገታቸው ብቻ ይታያል። መጀመሪያ ሰው አላየሁም። ከዚያ ሹፌሩ በስተግራ ወዳለው ጉብታ ጠቆመን። ጉብታው ላይ ሰው ነው፣ ግመል ነው፣ ከብት ነው። ሃስና በሩን ከፍታ ሮጠች።

ሰው አልሞተም። ይህንን ስጽፍ እንኳ ትንፋሼን ዋጥ አደርጋለሁ። ፋጡማ ግን ዜናው የደረሳቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከገበያ የምትመለስ ሴት ናት የነገረቻቸው። ልጆቹን አወጡ። ፍየሎቹን ለመሰብሰብ ሲመለሱ ውሃው ቀደማቸው። አንዲትም አልተረፈችም። ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነው፤ እኔን ሲያዩ ሰላምታ ሰጡኝ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጨመርላቸው ኖሮ እያልኩ አሰላሁ። ዛሬም አሰላለሁ።

ሁመድ ጉብታው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

ሁሉን ነገርኳቸው። እሁድ ምን እንደሰረዝኩ፣ ሃስናን እንዴት እንደዋሸኋት፣ እሳቸውን ሳናግር ለምን እውነቱን እንዳልተናገርኩ፣ ያሲን ለምን እንደፈራኝ።

«ይህንን ከሰው ሰማህ ወይስ አየህ?»

«የራሴ ሥራ ነው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሃስና እና ያሲን።»

«ሰማሁ» አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ዱላቸውን ይዘው ተነሱና ከጎን ያሉት ሰዎች ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ሰዎቹ አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ከእነሱ አንዱ ተነስቶ ራቅ ብለው ሰብሰብ ወዳሉት ሌሎች ሰዎች ሄደ። ያኔ ገባኝ። ይህ የሚሰረዝ አይደለም።

አንባቢዎቼ፣ በዚያው ሳምንት አሠራራችንን ቀየርን። ሙሉ ታሪኩ ዛሬ በሁላችንም እጅ ነው። ያባረርኩትን ባልደረባዬን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅር አለኝ፣ ተመለስ ስለው ግን አመሰግናለሁ፣ እዚሁ ይሻለኛል አለ። ለፋጡማ ፍየል መግዛት ጀምሬያለሁ፤ ይቀበሉኛል፣ ብዙ አያወሩኝም። ሃስና የምትፈልገውን ያህል ብቻ ታናግረኛለች፤ መብቷ ነው።

አንዳንድ ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች የቱ ይሻላል፣ አንድ ማዕከል ወይስ ሁሉም ሙሉውን መያዝ? ይሉኛል። አንድ ማዕከል የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ አልክድም፤ ሙሉውን በየላፕቶፑ መሸከም የማይመች ከባድ ፋይል አለ፣ ማንም እንዳይነካው የሚቆለፍ ነገር አለ። እኔ ግን ስለ መሣሪያው ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ያቺ ሳጥን ዛሬ ብትሞት ሙሉው በማን እጅ ይገኛል? ያ ሰው ደግሞ አለኝ ብሎ አፉን ሞልቶ ይነግራችኋል ወይ? የመጀመሪያውን ሁሉም ያስባሉ፤ ሁለተኛውን እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከወራት በኋላ ለሥራ ስሄድ ሰርዶ ላይ ጎማ ፈነዳብን። እስኪጠገን አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። በረንዳው ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የት እንደምሠራ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ትንሽ አስተዋሉኝ።

«የሰዎቹን ዝርዝር የሰረዝከው አንተ ነህ?»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እዚህ ድረስ መጥቷል።

«አዎ።»

«የአፋምቦዋን ልጅ ተደውሏል ብለህ የዋሸሃት?»

«አዎ።»

«ኋላ ሁመድ ፊት ተቀምጦ በራሱ አፍ የተናገረውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉልኝ።

«ተቀመጥ» አሉ። «ከሰመራ ምን ይዘህ መጣህ?»

ተቀመጥኩና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው።